የባሲማ ግራ ጆሮ

ባሲማ አሕመድኑር ሰው መሀል ከመቀመጧ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ታይ ነበር። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት፣ ነፋሱ ከሰዎቹ ወደ እሷ የሚመጣበትን ጥግ መርጣ ነው የምትቀመጠው። ይህን ማንም አላስተማራትም። ገና ልጅ ሳለች ጎረቤት ሴቶች ወደ እሷ ሲጠጉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲሸፍኑ አይታ ራሷ የደረሰችበት ብልሃት ነው። ኋላ መካነ ሰላም ከተማ ስትገባ የተዋወቋት ሰዎች ግን ዓይን አፋር ስለሆነች ጥግ የምትወድ ይመስላቸው ነበር።

የተወለደችው ከከላላ ወዲህ፣ ውርጭ በሚበዛበት ደጋ ላይ ባለች አንዲት መንደር ነው። አባቷ ሸህ አሕመድኑር የመንደሩን ልጆች ቁርአን የሚያቀሩ ሰው ነበሩ። ኩፍኝ መንደሩን ባመሰበት ዓመት ባሲማ ገና ጥርስ አልነቀለችም። ኩፍኙ ሲለቃት ግራ ጆሮዋ ያዛት፤ ስታለቅስ ከርማ አንድ ጠዋት ከጆሮዋ የፈሰሰ እዥ ትራሷን አርሶት ተገኘ። ሕመሙም አብሮ ቆመ።

እናቷ ደስ አላቸው። "አልሐምዱሊላህ፤ ፈነዳና ተነፈሰላት" አሉ።

ጆሮው ግን ከዚያ ወዲያ ደርቆ አያውቅም። ጤና አዳም ተጨምቆ ጠብ ተደረገበት፤ ለብ ያለ ቅቤ ተጨመረበት፤ አባቷ ቁርአን ቀሩባት። በጋ ሲሆን ጋብ ይላል፤ ክረምት ገብቶ ጉንፋን ሲይዛት እንደገና ይፈስሳል። ሽታው ነበር የከፋው። እንደ ቁስል ሽታ አይደለም፤ የረጋ ውኃ ውስጥ የሰነበተ ቆዳ ሽታ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ አብራት የምትቀመጥ ልጅ ጠፋችና መምህሩ ብቻዋን ኋላ አስቀመጧት። ከዚያ ሆና የሚሉት አይሰማትም። ሲጠይቋት ዝም ትላለች። "ፈዛዛ ናት" ተባለ፤ ብዙም ሳትቆይ ቀረች።

አባቷ ዘንድ ግን ፈዛዛ አልነበረችም። ቀኝ ጆሮዋን ወደ እሳቸው አድርጋ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ደረሳ የሚባሉት ተማሪዎች ሲቀሩ ሰምታ ትይዛለች። ወንዶቹ ልጆች ሉሕ የሚሉትን የእንጨት ሰሌዳ አጥበው ጽፈው ከሚይዙት ይልቅ እሷ በመስማት ብቻ የያዘችው በለጠ። የሸህ አሕመድኑር ዓይን መድከም ሲጀምር ልጆቹ ሲስቱ ቀድማ የምታርመው እሷ ሆነች። እሳቸውም አይቆጧትም፤ "ልክ ናት፤ ከላይ ጀምረህ ድገመው" ይላሉ።

ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከመካነ ሰላም ለሙሐሲን ተጠየቀች። ሙሐሲን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ሸህ አሕመድኑርን ያከብሯቸው ስለነበር የሸሁን ቤት የመረጡት የልጁ አባት ናቸው። የልጁ አክስቶች ልጅቷን ሊያዩ መጡ። ባሲማ ገላዋን ታጥባ፣ ጆሮዋን ጠርጋ፣ ሽቶ በነካ ጥጥ ወትፋ ወጣች። ዕለቱ ብርዳም ስለነበር በሩ ተዘግቶ እሳት ተያይዟል። አክስቶቹ ምግቡን ቀማመሱና ቶሎ ተነሱ። መልእክቱ በሽማግሌ መጣ፤ "ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ዲን አዋቂ ናት። ታናሽየዋ ብትሆንልን ግን ደስ ይለናል" የሚል።

ታናሿ ሀዲያ ናት።

ሸህ አሕመድኑር ባሲማን ለብቻዋ ጠርተው አስቀመጧት።

"ልጄ፣ ይህን ብንመልስ ለሀዲያም ሌላ አይመጣላትም ብዬ ፈራሁ" አሏት።

"እሺ አባ።"

"ከፋሽ?"

"ለሀዲያ ደስ ብሎኛል።"

ደስ አላላትም። የሠርጉ ዋዜማ የሀዲያን እጅ ይዛ ሂና የምትቀባላት ግን እሷው ነበረች፤ በቤቱ ውስጥ እንደ እሷ እጀ ቀጭን ሰው አልነበረማ። ሀዲያ ሌሎቹ ሴቶች እስኪወጡ ጠበቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እታለም፣ እዚያ ቤት ስትመጪ ጆሮሽን ለማንም እንዳታነሺ። ዘር ነው ይላሉ፤ ለልጆቼ ይተርፋል።"

ባሲማ ሂናውን ጨረሰች። የጀመረችውን አበባ እንኳ አላበላሸችም።

አባትና እናቷ ካለፉ በኋላ መንደሩ ውስጥ የሚያቆያት ነገር አልነበረምና መካነ ሰላም ገባች። አንዲት ክፍል ተከራይታ ሴት ልጆችን ማቅራት ጀመረች። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ አመለወርቅ የምትባል የቄስ ሚስት ናት። ስትናገር የምትጣላ የምትመስል፣ ልቧ ግን ሰፊ የሆነ ሴት። ባሲማ ነፋስ እያየች ስትቀመጥ መጀመሪያ የነቃችባት እሷ ነበረች። "ነይ ወዲህ፤ ከብት ሳሳድግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንቺ ሽታ ምኔም አይደል" ብላ ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ባሲማ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ስድብ ይሁን ፍቅር መለየት አቅቷት።

እንደ አቀሪ ግን ስሟ ወጣ። ልጅቷን በቀኟ ታስቀምጣለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ታዳምጣለች። ሲንና ሷድ በሚባሉት የዓረብኛ ፊደላት መካከል ያለችውን የምላስ ቦታ፣ በሁለቱ ሀዎች መካከል ያለውን የጉሮሮ ልዩነት ሳትሰማ አታልፍም። ከሩቅ ቀበሌ ሳይቀር ልጆቻቸውን የሚልኩላት ነበሩ። "ኡስታዛ ባሲማ ያቀራቻት" ማለት ለአንዲት ልጅ ማዕረግ ሆነ።

ጆሮውን ሳታስታምም የቀረችበት ጊዜ የለም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከውጭ አየት ያደርጉና እንክብልና ጠብታ ይሰጧታል፤ ውኃ እንዳይገባበት ያስጠነቅቋታል። ለሶላት ስትታጠብ፣ ውዱእ ስታደርግ እንኳ ጆሮዋን በእርጥብ ጣት ዳብሳ ብቻ ታልፋለች። ይደርቃል፤ ተስፋ ታደርጋለች፤ ይመለሳል። ከዓመት ዓመት የሰዎች ድምፅ በግራ በኩል እየራቀ ሄደ። ቀኝ ጆሮዋም እንደ ድሮው አልነበረም። ግን ሰው ሁሉንም ይለምዳል፤ እሷም ለመደችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ እየቀራችላት ሳለ ወለሉ ተነሥቶ ግድግዳ ሆነባት። ምሰሶውን ጨበጠች፤ ምሰሶውም ዞረ። አስመለሳት። ልጆቹ ሮጠው አመለወርቅን ጠሩ። ለጥቂት ቀናት ተኝታ ሻል አላት፤ ተነሥታ ውዱእ ልታደርግ ውኃ አፏ ውስጥ ይዛ ስትጉመጠመጥ ውኃው በግራ ከንፈሯ ጥግ በኩል ወርዶ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ልትይዘው ሞከረች፤ እምቢ አለ። በመስታወት ስታይ የፊቷ ግራ ወገን ተንጠልጥሏል፤ ግራ ዓይኗ አይከደንም።

ሀዲያ ሰምታ መጣች። ደፍ ላይ እንደ ቆመች፣ "አዑዙ ቢላህ! ይሄ የጅን ምት ነው" አለች። "ቤት ትቀመጥና ይቀራባት። እንዲህ ሆና ሰው አይያት።"

አመለወርቅ ጣልቃ ገባች። "ይቀራባት፤ ጥሩ ነው። እኔም ጠበል አመጣላት ነበር፣ ያንቺ እህት ባትሆን። ግን ሐኪምም ይያት። እኔ ደሴ ይዣት እሄዳለሁ።"

"አንቺ ምን አገባሽ?"

"ግድግዳችን አንድ ነው፤ ስታቃስት የምሰማት እኔ ነኝ።"

ዘመኑ ግን መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ የሚውልበት ነበር። መኪና ተነሣ ሲባል ሻንጣ ይዘው ይወጣሉ፤ ቀረ ሲባል ይመለሳሉ። ባሲማ የማይከደነውን ዓይኗን በሻሽ ጫፍ ሸፍና ጠበቀች። በመጨረሻ መኪና ተገኘና በአቀስታ በኩል፣ በየኬላው እየወረዱ እየተፈተሹ፣ ደሴ ደረሱ።

ያያት የጆሮ ሐኪም ዶክተር ላቀው ይባላል። በማጉያ መነጽር ጆሮዋን ሲያይ ቆየ፤ ራሷን በትልቁ መሣሪያ ካስነሣት በኋላ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ጠራት። አመለወርቅ ከጎኗ ቆመች።

"ግራ ጆሮዎ ውስጥ፣ ከታምቡሩ ጀርባ፣ ቆዳ መግባት የማይገባው ቦታ ገብቶ እንደ ከረጢት ሆኗል" አለ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ተጠግቶ። "እዚያ ውስጥ የሞተ ቆዳ ይጠራቀማል። ተዋሲያን በላዩ የሚያጣብቅ ሽፋን ሠርተው ይኖሩበታል። ጠብታው ከላይ ያሉትን ይገድላል፤ ከሥር ያሉት ጋ አይደርስም። ለዚህ ነው ደርቆ የሚመለሰው።"

"ፊቴስ?"

"የፊት ነርቭ በዚሁ ጆሮ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ በአጥንት ቦይ ተሸፍኖ። ሽፋኑ ተበልቷል። ድምፅ የሚያስተላልፉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶችም አሉ፤ መዶሻ፣ መስፍ እና እርካብ እንላቸዋለን። መስፉ የለም። እርካቡም አልቋል ማለት ይቻላል። ማዞሩም ከዚሁ ነው።"

"አጥንቴን የበላው ያ ተዋሲያን ነው?"

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። "ብቻውን አይደለም። ይበልጡን የበላው የራስዎ ሰውነት ነው።"

ባሲማ ያልሰማች መስሏት አመለወርቅን አየቻት። አመለወርቅ ግን እሷም አፏን ከፍታ ነበር።

"እንዴት መሰለዎት" አለ ዶክተር ላቀው፤ ወንበሩን ሳበ። "ተዋሲያን ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ይላካሉ። ፈጥነው የሚደርሱት ተዋሲያኑን ይውጡና እዚያው ይሞታሉ። መግል የሚባለው አብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ከኋላ ትላልቆቹ ይመጣሉ፤ የሞተውን እየበሉ የሚያጸዱ፣ ሌላውንም እየጠሩ የሚያስተባብሩ። ጉንፋን አመጣሽ የጆሮ ሕመም ሲሆን ሥራቸውን ጨርሰው ይበተናሉ። የእርስዎ ግን ከረጢቱ እዚያው ስላለ፣ ተዋሲያኑም ስላላለቀ፣ ጥሪው ከልጅነትዎ ጀምሮ አልቆመም። ዕድሜዎን ሙሉ ሲመጡና ሲሞቱ ኖረዋል። ተዋሲያን ለመግደል የሚረጩት ነገር የራስዎንም ሥጋ ያቃጥላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ የሚልኩት መልእክት አጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳትን ያስነሣል።"

"አጥንት የሚያሟሙ?"

"ሁላችንም አሉን። ያረጀ አጥንት ያፈርሳሉ፤ ሌሎቹ አዲስ ይገነባሉ። እርስዎ ጆሮ ውስጥ ግን ማፍረሱ ብቻ ቀረ።"

ባሲማ ፊልሙን አየች። ነጭና ጥቁር ነው፤ የእሷ ራስ መሆኑን የሚናገር ነገር የለበትም።

"ሲጠብቁኝ ነዋ የበሉኝ" አለች።

"ሥራቸውን ነው የሠሩት። የሚያቆማቸው ነገር ነው የጠፋው።"

"ልጅ ሳለሁ ብመጣ ኖሮስ?"

ዶክተር ላቀው ፊልሙ ላይ ጆሮዋን በጣቱ ነካ። "ከረጢቱ ትንሽ ሳለ ቢወጣ ኖሮ አጥንቶቹ ይተርፉ ነበር። መስማትዎም።"

ባሲማ ራሷን ነቀነቀች። ሰው ሁሉ ሲያባብላት ኖሮ ያልዋሻት ሰው በማግኘቷ አንድ ዓይነት ዕረፍት ተሰማት። ዕረፍቱ ግን ብዙ አልቆየም። ያን ቀን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስታስበው የዋለችው መግሉን ነበር። በጨርቅ ስትጠርገው፣ ስታቃጥለው፣ ስትጸየፈው የኖረችው ነገር ለእሷ ሲሉ የሞቱ ነበሩ። ለእሷ ሲሉ የሞቱት ደግሞ ትዳሯን፣ መስማቷን፣ ግማሽ ፊቷን ይዘው ሄዱ። ማንን እንደምትረግም ጠፋት። ርግማኑ ራሷ ላይ ይመለሳል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዶክተር ላቀው አንድ ነገር ለመናት። "ከሚወጣው ላይ ጥቂት ወስደን ብናጠናው ይፈቅዳሉ? አጥንታቸው በተበላና ባልተበላ ሰዎች መካከል የትኞቹ ሕዋሳት እንደሚበዙ እያየን ነው። ቢታወቅ አንድ ቀን እነሱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ይገኝ ይሆናል። እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም።"

"ይውሰዱት" አለች። "እስከ ዛሬ ማንንም አልጠቀመ።"

ከጆሮዋ ጀርባ ያለው አጥንት ተከፍቶ ከረጢቱ ወጣ። ስትነቃ በግራ በኩል ምንም የለም፤ ሹክሹክታ እንኳ። ሕይወቷን እንዳተረፉላት፣ ትንሽ ቢቆይ ወደ አንጎሏ ይዘልቅ እንደነበር ነገሯት። ቁስሉ ሲደርቅ ፊቷ በግማሽ ተመለሰ፤ ዓይኗ ይከደናል፤ ስትስቅ ግን የሚስቀው ቀኟ ብቻ ነው። ጆሮው ደረቀ። ሽታውም ጠፋ።

መካነ ሰላም ተመልሳ ልጆቹን ሰበሰበች። እነሱም ናፍቀዋት ነበርና ቤቱ ሞላ። እንደ ወትሮው አንዷን በቀኟ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቷ ቀራች። ባሲማ "ማሻአላህ፤ ቀጥይ" አለች። ከበሩ አካባቢ ሳቅ ተሰማ፤ ወይም ሳቅ መሰላት። ዓይኗን ስትከፍት ትልልቆቹ ልጆች አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ምን ተፈጠረ?"

በክርናቸው ተነካኩ።

"በአላህ ይዣችኋለሁ፤ ምን ተፈጠረ?"

አንዷ ተነሥታ ወደ ቀኝ ጆሮዋ ተጠጋች። "ኡስታዛ፣ በሷድ ፈንታ ሲን አለች። እስከ መጨረሻው።"

ባሲማ ልጅቷን እንደገና አስቀራቻት። አፏን አየች፤ ምላሷን አየች። በጆሮዋ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ሌላዋን አስቀራች፤ ያው ነው። ግራው ሲጠፋ የደከመው ቀኝ ብቻውን የሚሸከመው አልሆነም። የአላህን ቃል እየተሳሳቱ እያየች "ማሻአላህ" ማለት አልቻለችም። ልጆቹን በዚያው ሳምንት ወደ ከተማው የቁርአን ትምህርት ቤት፣ ወደ መድረሳው ላከቻቸው። ወላጆቹ ለመኗት፤ አንዳንዱም ለወጉ ያህል ለመናት። ከዚያ ወዲህ የምትተዳደረው ኮፍያ እየሠራች ነው፤ ያን ለመሥራት ጆሮ አያስፈልግም።

ልጆቹ ከተበተኑ በኋላም መምጣት ያልተወችው የሀዲያ የመጨረሻ ልጅ አፍናን ነበረች። ክር ትጠቀልልላታለች፤ የከተማውን ወሬ ትነግራታለች። አንድ ቀን ልታወራት ወደ ቀኝ ጆሮዋ ስትጠጋ ከልጅቷ ላይ ብርቱ የሽቶ ሽታ መጣ፤ ከሽቶው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር። ባሲማ ይህን ሽታ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማው ኖራለች፤ ከኖረችበት የተነሣ አፍንጫዋ ደንዝዞ ነበር። አሁን ጆሮዋ ከደረቀ ወዲህ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሸተታት። ሳታስበው ፊቷን አዞረች። ያን ጊዜ ነው ሴቶቹ ነጠላቸውን ለምን አፍንጫቸው ላይ እንደሚያደርጉ የገባት። እሷም አደረገችው።

የልጅቷን ሻሽ ገለጥ ስታደርግ ግራ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ አለ።

"ይህን ማን አደረገልሽ?"

"እማዬ። ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች። ለአባባም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ድሮ ነው፤ አላውቅም" አለች አፍናን። ልታለቅስ ደርሳ ነበር።

ባሲማ ኮፍያውን ጥላ ሀዲያ ቤት ሄደች። ሀዲያን ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት።

"አፍናንን ደሴ እንውሰዳት።"

ሀዲያ የያዘችውን ልብስ ሳታሰጣ ቆመች። ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ባሲማን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

"ጠብታ እየገዛሁላት ነው። ይደርቃል።"

"ይደርቅና ይመለሳል። እኔን እያየሽኝ?"

"አንቺን እያየሁ ነው!" አለች ሀዲያ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "አንቺን እያየሁ ነው የምደብቀው። 'እንደ አክስቷ' እንዲሏት ነው የምትፈልጊው? ማን ያገባታል? ሙሐሲን እኔን የወሰደኝ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዘር ነው ሲሉት ምን ይለኛል?"

"ዘር አይደለም። ሐኪሙ ነግሮኛል። ውስጧ የሚበላት አለ፤ የራሷው ነገር፤ ጊዜ በሰጠሽው መጠን ይበላታል። አሁን ቢወጣ ትተርፋለች።"

"ለማንም አትናገሪም። በአባ ቀብር ይዤሻለሁ።"

ባሲማ ያን ቀን አልማለችም፤ እምቢም አላለች። ቤቷ ተመልሳ ለአመለወርቅ ነገረቻት።

"አባቷ አባት አይደለም እንዴ? ንገሪው" አለች አመለወርቅ።

"እህቴ ናት።"

"ልጅቷስ ምንሽ ናት?"

በማግስቱ ባሲማ ሙሐሲን ሱቅ ሄደች። የገበያ ቀን ነበርና ሱቁ ሞልቷል፤ ሴቶች ጨርቅ እያስዘረጉ ይመርጣሉ። ለብቻው ሊያናግራት ወደ ጥግ ወሰዳት። ባሲማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሹክሹክታ ነገረችው፤ አፍናን ጆሮዋ እንደሚመግል፣ ሀዲያ በጥጥና በሽቶ እንደምትደብቀው፣ ደሴ ካልሄደች እንደ እሷ ደንቆሮ ሆና ፊቷ እንደሚጣመም።

የሙሐሲን ፊት ተለዋወጠ። እሷን ሳይሆን ከኋላዋ ያለውን ነበር የሚያየው። ዘወር ስትል ሱቁ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ጨርቅ የያዙት እንደ ያዙ፣ ሁሉም ወደ እሷ ያያሉ። ሹክሹክታ የመሰላት ጩኸት ነበር። የራሷን ድምፅ መለካት ከተሳናት ቆይቷል፤ ማንም አልነገራትም ነበር።

"ወላሂ፣ ቀስ ብዬ የተናገርኩ መስሎኝ ነው" አለችው። ይህንንም ሁሉም ሰማ።

ሙሐሲን ሰው ፊት ስለተነገረው ይሁን ከልቡ፣ ልጅቷን በዚያው ሰሞን ደሴ ወሰዳት። ዶክተር ላቀው ነበር ያያት። ከረጢቱ ትንሽ ነው፤ መስፉ ጫፉ ተነካ እንጂ አጥንቶቹ አሉ። አወጣላት፤ ታምቡሯን ጠገነላት። አፍናን እንደ ሰው ትሰማለች።

ወሬው ግን ሕክምና የለውም። ሱቅ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች አፍ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ፤ "የነባሲማ ዘር ነው" ተባለ፤ የሀዲያን ትልቋን ልጅ ለጋብቻ ሲጠያየቁ የነበሩ ሰዎችም ቀሩ። ሀዲያ ባሲማ ቤት መጣች። አልጮኸችም። ባሲማ ከንፈሯን እያየች እንድትሰማት ፊት ለፊቷ ቆማ ቃሉን አንድ በአንድ አወጣችው።

"ገበያ መሀል አዋረድሽን። ከዛሬ ወዲያ እህት የለሽም። አፍናንም እዚህ አትደርስም።"

ባሲማ ልታስረዳት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ድምፅዋ ምን ያህል እንደሚወጣ ስለማታውቅ መልሳ ዘጋችው።

ከወራት በኋላ ዶክተር ላቀው በአመለወርቅ ስልክ ደወለ። የባሲማን ቁስል ሁኔታ ጠየቃት፤ ስለ ጥናቱም ነገራት። አጥንታቸው በተበላው ሕሙማን ላይ እነዚያ እየበሉ የሚያጸዱት ትላልቆቹ ሕዋሳት ተከማችተው ተገኝተዋል፤ ከባሲማ የወጣው ላይ ያለው ደግሞ ከብዙዎቹ ይበልጣል። መድኃኒት ለማለት ግን ገና ነው፤ ሌሎችም ሊያዩት ይገባል። አመለወርቅ ይህን ሁሉ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጮኻ ስትነግራት ባሲማ ከኮፍያው ቀና አላለችም።

"ጥሩ ጠብቀውኛል ማለት ነዋ" አለች።

ለኢድ ሙሐሲን ሥጋ ይዞ ብቻውን መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ግን አልተቀመጠም። አፍናን ደህና እንደሆነች፣ ጆሮዋ እንደደረቀ ነገራት።

"ሀዲያስ?"

"ጊዜ ስጫት፤ ይበርድላታል።"

ባሲማ ሳቀች፤ በቀኝ በኩል ብቻ። "ያልሰጠኋት ምን አለ?" አለችው።

ይህን ስትል ድምጿ ከፍ ይበል ዝቅ አታውቅም፤ ግድም አልሰጣት። ሙሐሲን አንገቱን ደፋ፤ የሥጋውን ሳህን በሩ አጠገብ አስቀምጦ ወጣ። አመለወርቅ የሙስሊም ሥጋ ስለማትበላ ባሲማ ግማሹን ለሌሎች ጎረቤቶች ላከችው፤ ሌላውን ዘልዝላ ቋንጣ ሰቀለች። ለአንድ ሰው ብዙ ነበር።